እሱ ካሸነፈ ሌሎቹ ለምን ይደክማሉ?

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ለገጣፎ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች ቡና ቤት ተቀምጬ በስልኬ ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ እከታተል ነበር። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሞላው ግን ለብስክሌት አይደለም። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ፈረንሳይና ቤልጂየም በአውሮፓ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ስለሚገናኙ ሰዉ ቦታ ለመያዝ ቀደም ብሎ መጥቷል። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ የጣሊያኗ ቱሪን ላይ የብረት አጥሩን ታክኮ ወጥቶ መስመሩን ሲያልፍ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ነገሩን ስነግራቸው ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር፤ አይተውት የማያውቁት ልጅ በአንድ አፍታ የቅርብ ዘመድ ሆነባቸው።

አጠገቤ የነበሩት ጎረቤቴ በወጣትነታቸው ለጦር ሠራዊት ክለብ የሮጡ ሰው ናቸው። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ደግሜ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው በጥሞና አዩት። "ጎበዝ ልጅ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "እነዚህ የእሱን ዓይነት ማሊያ የለበሱትስ? ቀኑን ሙሉ ከፊት ሆነው ሲጎትቱ የዋሉት እነሱ ናቸው አላልከኝም? እሱ ካሸነፈ እነሱ ለምን ይደክማሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ሥራቸው ነው ጋሼ፤ ደመወዝ ይከፈላቸዋል" አልኳቸው።

"ደመወዝማ ለእኔም ይከፈለኝ ነበር። ለሌላ ሰው ብዬ ግን ሮጬ አላውቅም።"

ጨዋታው ተጀመረና ወሬው በዚያው ተቋረጠ። በዚያ ሰሞን ስለ ቢኒያም ያልተባለ ነገር የለም፤ በቱር ደ ፍራንስ አንድ ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ መሆኑን ሬዲዮውም ማኅበራዊ ሚዲያውም ደጋግሞ ነገረን። ደስታው የእኔም ነበር። ነገር ግን ደስታው በረድ ሲል ከውስጤ ያልወጣው የሰውዬው ጥያቄ ነው። ደመወዝ ያልኩት መልስ ውሸት አልነበረም። ግን ደመወዝ ስላለ ብቻ ሰው ሳንባው እስኪቃጠል ጋልቦ፣ መጨረሻ ላይ ዘወር ብሎ ሌላውን አያሳልፍም።

ነፋሱን የሚቀበለው

ከፒያቼንዛ ቱሪን ድረስ የተጋለበው መንገድ 230.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ዓመት ቱር ረጅሙ የአንድ ቀን ውሎ። አሸናፊው ኮርቻው ላይ የቆየው አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ቢኒያም ደረቱን በሙሉ ለነፋስ የሰጠው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲሆን የቀረውን ከሰው ጀርባ ነው ያሳለፈው። ይህ ስንፍና ወይም ብልጠት አይደለም፤ የሙያው ልብ ይኸው ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ጋላቢ ከሚያወጣው ጉልበት አብዛኛውን የሚበላበት አየሩ ነው። ከፊቱ ካለው ጎማ ሥር የተጠጋ ግን ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል፤ በጭፍራው መሃል የተከለለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንድን ፈጣን ሰው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሳይደክም ለማድረስ ሌሎች አስቀድመው መድከም አለባቸው። ሌላ መንገድ የለም።

ከዚያ በኋላ ቢኒያም በ8ኛውና በ12ኛው ውሎ ደገመው። በ16ኛው ውሎ ኒም ከተማ መግቢያ ላይ ወደቀ፤ ቆስሎ ተነሳ። የቀሩት ቀናት ደግሞ አብዛኞቹ ተራራ ነበሩ። ለእንደ እሱ ያለ የሜዳ ፈጣን ተራራ ላይ የሚያስፈራው መቀደም አይደለም፤ ከተፈቀደው ሰዓት ዘግይቶ ከውድድሩ መውጣት ነው። ያን ጊዜ በነጥብ በመምራቱ የለበሰው አረንጓዴ ማሊያም ይቀራል። እነዚያን ቀናት ሳይ ዓይኔ ከፊት ከሚሄዱት ይልቅ ከኋላ ያለውን ፈልጎ ነበር። ካሜራው ግን ወደዚያ እምብዛም አይሄድም። ሐምሌ 14 ቀን ቱሩ ኒስ ላይ ሲያልቅ ማሊያው ትከሻው ላይ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ለጋሼ በኋላ የነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። በቱር የአንድ ቀን አሸናፊ ሽልማት 11,000 ዩሮ ነው፤ በሙያው ልማድ ይህ ገንዘብ አሸናፊው ኪስ አይገባም። ለቡድን አጋሮቹ፣ ለሜካኒኩና እግራቸውን ለሚያሸው ሰው ጭምር ይከፋፈላል። "ይሄ ደህና ልማድ ነው" አሉኝ። ፊታቸው ግን እንዳልተመለሰላቸው ይናገር ነበር፤ እኔም አልተመለሰልኝም።

ደግሞም እኛ ይህን ስሜት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አቴንስ 2004 በ10,000 ሜትር ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ ዞር ዞር እያሉ ኃይሌን ሲጠብቁት ያላለቀሰ ማን ነበር? ያን ቀን ያለቀስነው ከወርቁ ይልቅ በመጠበቃቸው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሩጫ ላይ ያ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው። ብስክሌት ላይ ግን የዘወትር ሥራ ነው፤ የዘወትር ሥራ በመሆኑም ማንም አያለቅስለትም።

ከሰንዳፋ ወዲያ

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ የዘመዴ ልጅ የሚያሠለጥነው ትንሽ የብስክሌት ክለብ ከሌሎች ጋር ሆኖ በደብረ ብርሃን መንገድ የልምምድ ውድድር አደረገ። ከለገጣፎ ተነስቶ አለልቱን አልፎ መመለስ ነው። መንገዱ አይዘጋም፤ ልጆቹ ከአይሱዙና ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ነው የሚጋልቡት። ከኋላ አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ትርፍ ጎማና ውሃ ጭና ትከተላለች። እኔም ከጎማዎቹ መሃል ተቀምጬ ሄድኩ።

ለገዳዲን አልፈን ሜዳው ሲገለጥ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ያኔ አንድ ልጅ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀጭን ነው፤ ማሊያው ሰፍቶት ጀርባው ላይ እንደ ሸራ ይነፋል። ሰባቱ የክለቡ ልጆች ተሰልፈው ሲሄዱ እሱ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ፒክአፗ ይመጣል። በሶ የተበጠበጠባቸውን የሃይላንድ ጠርሙሶች እየተቀበለ ሁለቱን ብስክሌቱ ላይ ይሰካል፣ ሦስቱን ከወገቡ በላይ ባሉት ኪሶች ይከታል፣ አንዱን ደግሞ በአንገቱ በኩል ማሊያው ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ ያን ሁሉ ተሸክሞ፣ ጎብጦ፣ በዚያ ነፋስ ብቻውን ሊደርስባቸው ይነሳል። ሲደርስ በየተራ ያድላቸዋል። ለራሱ የምትተርፈው ከማሊያው ውስጥ የምታወጣት፣ በላቡ የሞቀችው ናት። ገና ትንፋሹ ሳይመለስ ወደ ፊት ወጥቶ ነፋሱን ይቀበላል።

ሰንዳፋን፣ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲውንም አልፈን ጭድ የጫነ መኪና ከፊታችን ገባ። ልጆቹ በጎን ሾልከው ሄዱ፤ ፒክአፗ ቀረች። ሾፌሩ ጥሩንባ ቢነፋ ቢነፋ ከሚበተን ጭድ በቀር የሚታየን ነገር የለም። በመጨረሻ መንገድ ስናገኝ ጭፍራው ሄዷል። ከጤፍ ማሳው ጠርዝ ላይ ግን ያ ቀጭን ልጅ ቆሟል። በአንድ ትከሻው የፊት ጎማ የሌለው ብስክሌት ተሸክሟል፣ በሌላው እጁ የተነፈሰ ጎማ ይዟል።

አሠልጣኙ ገና መኪናዋ ሳትቆም ወረደ። "ማን ነው የፈነዳበት?"

ልጁ ስሙን ተናገረ። የክለቡ ፈጣን ልጅ ነው፤ ሁሉም ያን ቀን ይሠሩ የነበሩት ለእሱ ነው። ጎማው ሲተነፍስ እኛ ከጭዱ ኋላ ነን። ይሄኛው ሳይጠየቅ ወርዶ የራሱን የፊት ጎማ ፈትቶ ሰጠው፤ ገፍቶም አስነሳው። ከዚያ በሶ በተሸከመበት ትከሻ ብስክሌቱን ተሸክሞ ቆመ።

"ውጣ፣ መኪናው ላይ ውጣ" አለው አሠልጣኙ።

"ጎማ ስጠኝ።"

አሠልጣኙ ትርፉን ጎማ እያጠበቀ ሳለ ዝም ብሎ መቆም አልሆነልኝም። ጠጋ ብዬ "ተናደድክ እንዴ?" አልኩት።

"አዎ" አለኝ። ዓይኔን ሳያይ ካቴናውን በጣቱ ይነካካል። "ዛሬ እግሬ በጣም ጥሩ ነበር።" ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አለልቱ አቅጣጫ አየና፣ "ግን እሱ እዚህ ቢቆም የሁላችንም ድካም እዚሁ ይቀር ነበር" አለ።

ተነስቶ ሄደ። እኛ ከፊት ያሉትን መድረስ ስለነበረብን አለፍነው። እስኪጠፋኝ ድረስ ወደ ኋላ አየሁት፤ በዚያ ሜዳ ላይ ከነፋሱ ጋር ብቻውን። እንደማይደርስባቸው እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

የጋሼ ጥያቄ የተገለጠልኝ እዚያ ጭድ የተበተነበት መንገድ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የረዳትን ሥራ የማየው በሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ ወይ ታዛዥነት ወይ ቅድስና። ያ ልጅ ግን ቅዱስ ሆኖ አልታየኝም፤ ተናዷል፣ መናደዱንም አልደበቀም። ታዛዥም አልነበረም፤ ማንም አላዘዘውም። እሱ ያየው የራሱን ንብረት ነው። በሶውን የተሸከመው፣ ነፋሱን የተቀበለው እሱ ስለሆነ ድሉ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ደግሞ እንዳይጠፋ ጎማውን ከፈለበት። "ለሌላ ሰው" አልደከመም። ድሉ ብዙ ባለቤቶች አሉት፤ እኛ ነን የአንዱን ስም ብቻ የምንጽፈው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። መንገድ ላይ ግን ሁሉም ተሸክሞ ጌጡን የሚያደርገው አንዱ ነው፤ ይሄ ነው የሚከብደኝ።

የዚያን ልጅ ዓይነት ታሪክ በቱር ደ ፍራንስም ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1934 ሬኔ ቪዬቶ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ፒሬኔ ተራሮች ላይ የፊት ጎማውን ለቡድኑ መሪ ለአንቶናን ማኝ ሰጥቶ፣ ረዳት መኪና እስኪመጣ ድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ፎቶ ተነሳ። ማኝ ያን ቱር አሸነፈ፤ ቪዬቶ 5ኛ ወጣ። ፎቶው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስሙን እዚህ አልጽፍም ነበር።

ጽጋቡን እንዴት እንዳየነው

ይህን ሁሉ ሳስብ ሐሳቤ በተደጋጋሚ የሚያርፈው ቢኒያም ላይ ሳይሆን ጽጋቡ ግርማይ ላይ ነው። (ብዙ ሰው ወንድማማቾች ይመስሉታል፤ አይደሉም። አንዱ የአሥመራ፣ አንዱ የመቀሌ ልጅ ነው።) ጽጋቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በአገር ውስጥ ሻምፒዮን ሆኖ ያውቃል። አውሮፓ ሲሄድ ግን ሥራው ሌላ ነበር። በዚያ ቱር የላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ተስፋ የጣለው በደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ማይንትዬስ ላይ ነበር፤ ማይንትዬስም በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ ሆነ። በዜናችን የተነገረው ጽጋቡ ስንተኛ እንደሆነ ነው። 8ኛ የወጣው ሰው ስንት ጊዜ ከእሱና ከሌሎች አጋሮቹ ጀርባ እንደተጠለለ የጠየቀ አልሰማሁም።

የአንድ ረዳት ዋጋ የሚታወቀው በሰንጠረዥ አይደለም፤ ማን ደግሞ እንደሚፈልገው ነው። ጽጋቡን በዓለም ላይ ትልቁ ደረጃ ላይ ያሉ ቡድኖች ተቀባበሉት፤ ከላምፕሬ ወደ ባሕሬን ሜሪዳ፣ ከዚያ ወደ ትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ ሚቸልተን ስኮት። እነዚህ ቡድኖች ለማንም ውለታ አይውሉም። ተራራ ሥር ሲደርሱ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን የሚጠብቅ፣ ሲታዘዝ ተመልሶ ውሃ የሚያመጣ፣ ነገ ደግሞ ይህንኑ የሚደግም እግር ስለፈለጉ ነው። የመቀሌ ስልክ በተቋረጠባቸው በእነዚያ የጦርነት ዓመታትም ጽጋቡ አውሮፓ ውስጥ ጋላቢ ነበር። ቤተሰብ በምን ሁኔታ እንዳለ ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ለሰው ነፋስ መቀበል ምን እንደሚመስል መገመት እንኳ ይከብደኛል።

እኔ ጽጋቡን ሻምፒዮን እለዋለሁ። የአገር ውስጥ ድሎቹን ብቻ አስቤ አይደለም።

አሥመራ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እዚያ የብስክሌት ውድድር በሰው ደጅ ያልፋል፤ ጂሮ ዲ ኤርትራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አያት ከልጅ ልጅ ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ያያል፤ ማን ጎተተ፣ ማን ውሃ አመጣ፣ ማን ተሸሸገ የሚለውን ሕፃኑም ይለያል። ቢኒያምም ከባዶ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ ቱሩን ጋልበው፣ ዳንኤል የተራራ ነጥብ መሪውን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማሊያ ለብሶ ነበር። በ2022 ቢኒያም የቤልጂየሙን የአንድ ቀን ውድድር ጌንት-ቬቬልገምን ሲያሸንፍ መንገዱ ላይ ቀድመውት የተመላለሱ ነበሩ።

እኛም ቢሆን ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ነው ማለት አንችልም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በሄደችበት በሜልቦርን 1956፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት፣ በልዑኩ ውስጥ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። ከፍታውም፣ ዳገቱም፣ እግሩም አለን። የሰንዳፋና የሱሉልታ አየር ሯጮችን ያፈራ አየር ነው። የጎደለው ሰው የሚያይበት መንገድ ነው። በከተማዋ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ደስ ይላል። እነዚህ ልጆች የሚጋልቡት ግን መስመሩ ካለቀበት ወዲያ ነው። እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ ለገጣፎ ላይ አስፋልቱ ቢዘጋ፣ የሰፈሩ ሰው ቡናውን ይዞ ደጁ ላይ ቢቀመጥ፣ ከሦስተኛው እሑድ በኋላ ጋሼ ያን ጥያቄ የሚጠይቁ አይመስለኝም።

ደብተሩ

ያ ፈጣን ልጅ ያን ቀን አሸነፈ፤ በሰው ጎማ። ቀጭኑ ልጅ ሲመጣ ሌሎቹ ልብስ ቀይረው፣ ሰዓት መዝጋቢው ደብተሩን ዘግቶ፣ ሽሮ ታዝዞ ነበር። ከንፈሩ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ለራሱ ያስቀራት ጠርሙስ ባዶ ናት።

ደብተሩ ላይ ከስሙ ፊት ለፊት "አልጨረሰም" ተብሎ ተጽፏል። ይህ አላስቻለኝም። የማያገባኝ ነገር መሆኑን እያወቅሁ ሰዓት መዝጋቢውን እንዲያስተካክል ለመንኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ "የገባበትን ሰዓት ማን ይዞታል?" አለኝ። አሠልጣኙ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ነገረው። ተሰርዞ ተጻፈ። ጎማ መስጠቱንም እንዲጽፍ ስጠይቀው "ለእሱ ቦታ የለውም" አለ፤ እውነቱን ነው፣ ደብተሩ ስም፣ ክለብ፣ ደረጃና ሰዓት ብቻ ነው ያለው። አሠልጣኙ ስክሪብቶውን ተቀብሎ በዳርቻው ላይ ቁልቁል መስመር አሰመረና ጻፈው።

ሽሮው መጣ። አሸናፊው የራሱን ወንበር ለቀጭኑ ልጅ ለቀቀለትና እየበላ፣ "የሚቀጥለው ሱሉልታ በኩል ነው፤ ዳገት ነው። እዚያ እኔ ምንም አልጠቅምም። ለእሱ ነው የምንሠራው" አለ።

"እኔ ገና ነኝ" አለ ልጁ።

"ገና ከሆንክ በሶውን እኔ እሸከማለሁ። አንተ ዳገቱን ውጣ።"

ሌሎቹም ገቡበት። አንዱ እስከ እንጦጦ እግር ነፋሱን እኔ እቀበላለሁ አለ፣ ሌላው ያማ ለአንተ ይረዝምብሃል ብሎ ተከራከረው። አሠልጣኙ የእንጀራውን ጠርዝ እንደ መንገድ እያሳየ ማን ከየት እስከ የት እንደሚጎትት ያከፋፍላቸው ጀመር።